ሳያዩ ስለ መግዛትና አይቶ ስለ ማሳየት

በሐዋርያት ሥራ በ19ኛው ምዕራፍ የተጻፈውን የኤፌሶኑን ብር ሠሪ የድሜጥሮስን ነገር ክቡራን አንባብያን ሁሉ ታውቁታላችሁ። ይህ ሰው የአርጤምስን ቤተ ጣዖት ምስል በብር እየሠራ የሚሸጥ ነበረና፥ የጳውሎስ ስብከት ገበያውን ባቀዘቀዘበት ጊዜ የሙያ ባልንጀሮቹን ሰበሰበ። በጉባኤውም ላይ አስቀድሞ የተናገረው ስለ ትርፋቸው ነው፤ የጣዖቲቱን ክብር ያነሣው ከዚያ በኋላ ነው። ሰዎቹ ግን ወደ አደባባይ በወጡ ጊዜ ስለ ብሩ አንድ ቃል እንኳ አልተናገሩም፤ ሁለት ሰዓት ያህል የጮኹት ስለ አርጤምስ ታላቅነት ብቻ ነው። እኔ ይህን ምዕራፍ ባነበብሁ ቁጥር ድሜጥሮስ ከተከታዮቹ ይልቅ እውነተኛ ሰው መስሎ ይታየኛል፤ እርሱ እንጀራውን እንጀራ ብሎ ጠርቶታልና።

የአንድ ሙያ ሰዎች በሚሰበሰቡበት ጉባኤ ሁሉ እንጀራና ክብር፥ ትርፍና ሕሊና ተቀላቅለው ይቀርባሉ። አንዱም የሌላውን ልብስ ለብሶ ይወጣል። ዛሬ የምጽፈው የሚናገር ሥዕል በተጀመረበት ዘመን የሲኒማ ቤት ባለቤቶች ስላደረጓቸው ጉባኤዎች ነው። «የሊቃውንት ጉባኤ ሞልቶ ሳለ ስለ ሲኒማ ነጋዴ ጉባኤ መጻፍ ምን ይባላል?» የሚል ሰው ቢኖር፥ ነገሩ የሲኒማ ብቻ አይደለም ብለን እንመልስለታለን። ሰው ራሱ ያልሠራውን ነገር በቤቱ ተቀብሎ ለሕዝብ ቢያሳይ ስለዚያ ነገር ይጠየቃልን? ሳያይ፥ ያውም ተገድዶ ገዝቶት እንደ ሆነስ? ብቻውን ሳይሆን ከብዙ ባልንጀሮቹ ጋር አድርጎት እንደ ሆነስ? ጥያቄው ይህ ነው። የውጭ አገሩን ዘመን በአውሮፓውያን አቆጣጠር፥ የአገራችንን በራሳችን አቆጣጠር እጽፋለሁ።

ከአገራችን ልጀምር። ዳግማዊ ምኒልክ ለአዲስ መሣሪያ ሁሉ ፍቅር የነበራቸው ንጉሠ ነገሥት ስለ ነበሩ፥ ተንቀሳቃሹ ሥዕል ወደ አዲስ አበባ የገባው ገና በልጅነቱ ነው። ሥዕሉ ይታይበት የነበረውንም ቤት ሕዝቡ «የሰይጣን ቤት» ብሎ ጠራው። ዛሬ ይህ ስም ሲነሣ ሰው ይሥቃል፤ የአባቶቻችንን አለማወቅ የሚያሳይ ምልክት አድርጎ የሚቈጥረውም ብዙ ነው። እኔ ግን በስሙ ውስጥ አንድ ፍርድ አያለሁ። ሕዝቡ ሥዕሉን ያነሣውን ፈረንጅ አልከሰሰም፤ እርሱን አያውቀውም። መሣሪያውንም አልከሰሰም፤ ብረት ነው። የከሰሰው ቤቱን ነው። ደጁን ከፍቶ፥ መብራቱን አጥፍቶ፥ ገንዘብ ተቀብሎ ያስገባውን ማለት ነው። ፍርዱ የችኰላ ፍርድ ነበረ፤ ዳሩ ግን የጠየቀው ጥያቄ እስከ ዛሬ ድረስ አልተመለሰም።

በዚያን ዘመን ሥዕሉ ዲዳ ነበረ። ሥዕሉ ዲዳ በመሆኑም የቤቱ ባለቤት አፍ ነበረው። ፒያኖ የሚመታ ሰው ወይም አቅሙ የቻለ እንደ ሆነ ሙሉ የሙዚቃ ጓድ ቀጥሮ፥ አንዱን ሥዕል በኀዘን ዜማ ሌላውን በደስታ ዜማ ያሳይ ነበር። በጃፓን አገር ደግሞ «ቤንሺ» የሚባሉ ተራኪዎች ከሸራው አጠገብ ቆመው፥ የሥዕሉን ታሪክ እየተረጐሙ የእያንዳንዱን ሰው ንግግር በራሳቸው ድምፅ ያሰሙ ነበር። ሕዝቡም ከሥዕሉ ተዋናዮች ባልተናነሰ ቤንሺውን ሊሰማ ይመጣ ነበር። የአንድምታ መምህር የነበረበት ጉባኤ ቤት ያደገ ሰው ይህ ነገር አይገርመውም። ንባቡ አንድ ነው፤ ትርጓሜው የመምህሩ ነው። ስለዚህ በዲዳው ዘመን የሲኒማ ቤት ባለቤት ግማሽ ሠሪ ነበረ ማለት ይቻላል። የመጣለትን ሥዕል በዜማው ሊያለዝበው፥ በትርጓሜው ሊያቀናው ወይም ሊያጣምመው ሥልጣን ነበረው።

በጥቅምት 6 ቀን 1927 ዋርነር የተባለው ኩባንያ በኒው ዮርክ ከተማ «ዘ ጃዝ ሲንገር» የተባለውን ፊልም አሳየ። ፊልሙ እንኳ በሙሉ የሚናገር አልነበረም፤ ዘፈኑና ጥቂት ንግግሩ ብቻ በሸክላ ተቀርጾ ከሥዕሉ ጋር እንዲሄድ የተደረገ ነው። ነገር ግን ሕዝቡ አንድ ጊዜ ሸራ ሲናገር ከሰማ ወዲያ ዲዳውን ሥዕል ለማየት አልወደደም። በሦስት ዓመት ገደማ ውስጥ በአሜሪካ ያሉት ሲኒማ ቤቶች አብዛኞቹ የድምፅ መሣሪያ አገቡ፤ ያላገቡት ተዘጉ። መሣሪያውም ርካሽ አልነበረም። ለትልቅ ቤት ከ10 ሺህ ዶላር በላይ የሚያስወጣ ነበር፤ ትንሹም ቤት ቢሆን በሺህ የሚቈጠር ብር ያስወጣ ነበር። ከዚህም ሌላ ዌስተርን ኤሌክትሪክ የተባለው ኩባንያ መሣሪያውን ባስገባበት ቤት ሁሉ ለጥበቃና ለጥገና ተብሎ በየሳምንቱ የሚከፈል ገንዘብ በውል ያስገባ ነበር። ባለቤቱ በዕዳ ተያዘ። ፒያኖ የሚመታው ሰው ተሰናበተ፤ የሙዚቃ ጓዱ ተበተነ። በአሜሪካ ብቻ በብዙ ሺህ የሚቈጠሩ ሙዚቀኞች ሥራቸውን አጡ፤ ማኅበራቸውም በጋዜጣ ማስታወቂያ እያወጣ «በቆርቆሮ የታሸገ ሙዚቃ» እያለ አዲሱን ነገር ቢነቅፍ የሰማው አልተገኘም። በጃፓንም ቤንሺዎቹ ጥቂት ዓመት ተከራክረው ጠፉ።

እንግዲህ ሥዕሉ አፍ ባወጣ ጊዜ ቤቱ አፉን ዘጋ። ከዚያ ወዲህ የቤቱ ባለቤት በሥዕሉ ላይ የሚጨምረው አንድም ነገር የለም። ደጅ ከፋች፥ መብራት አጥፊ፥ ገንዘብ ተቀባይ ብቻ ሆነ። ስለዚህ «እኔ ምን አደረግሁ? የተላከልኝን አሳየሁ» የሚለው ክርክር ኀይል ያገኘው በዚህ ዘመን ነው።

ጉባኤዎቹም የሚሰሙት ከዚህ ላይ ነው። የአሜሪካ ሲኒማ ቤት ባለቤቶች ማኅበር በ1920 ተመሥርቶ በየዓመቱ ይሰበሰብ ነበር። በ1929 መጀመሪያ ደግሞ የየክፍለ ግዛቱን ትናንሽ ባለቤቶች የያዘ «አላይድ» የሚባል ሌላ ማኅበር ተጠናክሮ ተነሣ፤ መሪውም ከዚያ በፊት የመንግሥቱ የንግድ ኮሚሲዮን ሊቀ መንበር የነበረው አብራም ማየርስ ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደሚባለው፥ አንበሶቹን ለማሰር የተሰበሰቡ ድሮች ነበሩ። አንበሶቹም ፓራማውንት፥ ሜትሮ ጎልድዊን ሜየር፥ ፎክስ፥ ዋርነርና አር ኬ ኦ ናቸው። እነዚህ ኩባንያዎች ፊልሙን የሚሠሩት፥ የሚያከፋፍሉት፥ በትልልቁም ከተማ በገዛ ቤቶቻቸው የሚያሳዩት ራሳቸው ነበሩ።

የባለቤቶቹ ታላቁ ጩኸት ስለ ሁለት ነገር ነው። አንደኛው በጥቅል መግዛት ነው፤ ሁለተኛው ሳያዩ መግዛት ነው። ይኸውም አንድ ባለቤት ከአንድ ኩባንያ ሁለት ወይም ሦስት መልካም ፊልም የፈለገ እንደ ሆነ፥ የዓመቱን ሥራ በሙሉ ካልወሰድህ አይሰጥህም ይባላል። ከዓመቱም ሥራ ብዙው ገና አልተሠራም፤ የሚታወቀው የተዋናዩ ስም ወይም የታሪኩ አርእስት ብቻ ነው። አንባቢ ሆይ፥ አንድ ጥማድ በሬ ልትገዛ ወደ ገበያ ብትሄድና ባለ ከብቱ «መንጋውን በሙሉ ካልገዛኸኝ አንዱን አልሸጥልህም፤ ከመንጋውም እኩሌታው ገና አልተወለደም» ቢልህ እንደ ማለት ነው።

ከዚህ በኋላ የመጣው ነገር ለሥነ ምግባር ተመራማሪ የሚጠቅም ነው። የየከተማው ቄሶች፥ እናቶችና መምህራን «በቤትህ የሚታየው ነውር ልጆቻችንን አበላሸ» እያሉ በባለቤቱ ላይ በተነሡበት ጊዜ፥ ባለቤቱ የውሉን ወረቀት አውጥቶ አሳያቸው። «እኔ እንደ እናንተ እጸየፈዋለሁ፤ ዳሩ ግን በጥቅል ገዝቼዋለሁ፤ ብመልሰው ገንዘቡን እከፍላለሁ፤ ንጹሕ ሥዕል ከፈለጋችሁ ከእኔ ጋር ሆናችሁ ይህን ውል በሕግ አስሽሩልኝ» አላቸው። ብዙዎችም አመኑት። በጥቅል መሸጥን የሚከለክል ሕግ ይውጣ ተብሎ ለምክር ቤት ሲቀርብ፥ የእናቶችና የሃይማኖት ማኅበሮች ከነጋዴዎቹ ጋር አብረው ተሰለፉ። ፊልም ሠሪዎቹ ግን እንዲህ ብለው መለሱ፦ «ባለቤቱ ውሸቱን ነው፤ ነውሩ ገበያ ስላለው ይወደዋል፤ የሚፈልገው ንጽሕና ሳይሆን የዋጋ ቅናሽ ነው።»

ከሁለቱ ማን ነው እውነተኛው? ለመፍረድ ከመቸኰል በፊት የባለቤቱን ኑሮ ማሰብ ይገባል። ሆሊውድን አይቶት የማያውቅ፥ በአንዲት ትንሽ ከተማ አንድ ቤት ያለው፥ የመሣሪያው ዕዳ ያልተከፈለ፥ ሕዝቡ ያው አንድ ስለ ሆነ በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ፊልም መለወጥ የግድ የሆነበት ሰው ነው። በዚያ ላይ ከ1929 መጨረሻ ጀምሮ የመጣው የገንዘብ ችግር ተጨመረበት። ነፃነቱን የሸጠው ነውረኛውን ሥዕል ባሳየበት ቀን ሳይሆን የድምፁን መሣሪያ በዕዳ ባስገባበት ቀን ነው። መሣሪያውን ያስገባውም ሕዝቡ ወደሚናገረው ሥዕል ስለ ሄደበት ነው። ስለዚህ በደጁ ላይ ቆሞ የሚወቅሰው ሕዝብ ራሱ በዕዳው ውስጥ እጅ አለበት። ይህን የምለው ባለቤቱን ነጻ ለማውጣት አይደለም፤ በደሉ የት እንደ ጀመረ ለማየት ነው። በንስሓ ጊዜ ሰው የሚናገረው የመጨረሻውን ሥራውን ነው፤ የታሰረበት ግን ብዙ ጊዜ ቀድሞ በፈረመው ነገር ነው።

የአሮን ነገር እዚህ ላይ ይታሰበኛል። ሙሴ ስለ ጥጃው በጠየቀው ጊዜ አሮን የመለሰው፥ ሕዝቡ ግድ እንዳሉት፥ ወርቁንም ወደ እሳት በጣለው ጊዜ ጥጃው እንደ ወጣ ነው። በእጁ እንደ ቀረጸው ግን አልተናገረም። የሲኒማው ባለቤትም ክርክር ይኸው ነው፤ ሕዝቡ ጠየቀ፥ ኩባንያው ላከ፥ ወደ መሣሪያው አስገባሁት፥ ሥዕሉ ወጣ። ልዩነቱ አሮን ጥጃውን ራሱ መቅረጹ ነው፤ ባለቤቱ ግን በእውነት አልቀረጸም። ስለዚህ የአሮንን ፍርድ እንዳለ በእርሱ ላይ ልናደርግ አይገባም።

ይልቁን ከማኅሌት ሥርዓታችን የሚቀርብ ምሳሌ አለ። ባለ ቅኔው ቅኔውን ቤት በቤት እየነገረ ሌላው እየተቀበለ በዜማ ያሰማዋል። ተቀባዩ የሚመጣውን ቤት አያውቀውም፤ ሳያይ ተቀብሎ ለሕዝብ ያሰማል ማለት ነው። ቅኔው ቢበላሽ፥ ወይም ሰሙ አምሮ ወርቁ ሰውን የሚሰድብ ሆኖ ቢገኝ፥ ሊቃውንቱ የሚተቹት ባለ ቅኔውን ነው እንጂ ተቀባዩን አይደለም። ታዲያ ተቀባዩ ነጻ ከሆነ የሲኒማው ባለቤት ስለ ምን ነጻ አይሆንም? በእኔ አስተያየት ልዩነቱ ከሁለት ነገር ላይ ነው። በመጀመሪያ፥ ባለ ቅኔው ከተቀባዩ አጠገብ ቆሟል፤ ሁሉም ያየዋል፤ ለመታረምም ቅርብ ነው። የፊልሙ ሠሪ ግን ባሕር ማዶ ነው፤ ለሕዝቡ የሚታየው ፊት የባለቤቱ ፊት ብቻ ነው። ሁለተኛው ይበልጣል። ተቀባዩ ቅኔውን የሚያሰማው አንድ ጊዜ ነው። ነውረኛ ሆኖ ያገኘውን ቅኔ በማግሥቱ ደግሞ ቢያዜመው ግን፥ «ሳላውቅ ተቀበልሁ» የሚለው ምክንያት አይረዳውም።

በትንሽ ከተማ አንድ ፊልም ሁለት ወይም ሦስት ሌሊት ይታያል። በመጀመሪያይቱ ሌሊት ባለቤቱ ከሕዝቡ ጋር ሆኖ ያያል፤ ምን እንደ ገዛ ያን ጊዜ ያውቃል፤ የዚያችም ሌሊት ነገር በእውነት በኩባንያው ላይ ነው። በሁለተኛይቱ ሌሊት ግን አይቶታል። ሳያዩ የመግዛት ምክንያት ዕድሜው አንዲት ሌሊት ነው። ከዚያ ወዲያ የቀረው ምክንያት የገንዘብ ምክንያት ብቻ ነው፤ ይኸውም «ብተወው እከስራለሁ» ማለት ነው። ይህም ምክንያት የሚናቅ አይደለም፤ ልጆች አሉት። ዳሩ ግን ስሙ «አላየሁም» ሳይሆን «ከሰርሁ» ነው፤ እንደ ድሜጥሮስ እንጀራን እንጀራ ብሎ መጥራት ይገባል።

በ1933 መንግሥት ባወጣው የኢንዱስትሪ ደንብ ለባለቤቶቹ አንድ ቀዳዳ ተከፍቶላቸው ነበር፤ በተወሰነ ሁኔታ ከገዙት ጥቅል ከመቶ አሥሩን እንዲሰርዙ ተፈቀደላቸው። ደንቡ በ1935 በጠቅላይ ፍርድ ቤት እስኪሻር ድረስ ከአሥር ፊልም አንዱን መተው ይቻል ነበር ማለት ነው። እዚህ ላይ እያንዳንዱ ባለቤት በጓዳው ተቀምጦ አሥረኛውን ሲመርጥ የሚያየው ሰው አልነበረም። የሚሰርዘው ነውረኛውን ነውን ወይስ ገበያ የሌለውን? ይህን ጥያቄ ለጉባኤ ሳይሆን ለአንድ ሰው ብቻ ማቅረብ ይቻላል።

ጉባኤ ይህን ጥያቄ ሊሸከም የማይችልበት ምክንያት አለው። አባቶቻችን ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ይላሉ። እውነት ነው፤ ዕዳ ሲካፈሉት ይቀላል፤ ሥራም እንዲሁ። በደል ግን እንደ ሎሚ ይከፈላልን? አንድ ሺህ ባለቤቶች አንድ ነውረኛ ፊልም ባሳዩ ጊዜ እያንዳንዱ የበደሉን አንድ ሺሕኛ ተሸክሞ የሚሄድ ይመስለዋል፤ በጉባኤውም ላይ ጌጥ አድርጎት ይመጣል። በከተማው ያለው ልጅ ግን ያየው ሙሉውን ፊልም ነው እንጂ አንድ ሺሕኛውን አይደለም።

በአገራችን የቀድሞ ሥርዓት ይህ ነገር የታወቀ ነበረ። አውጫጭኝ ወይም አፈርሳታ በሚባለው ሥርዓት፥ ወንጀለኛው ያልታወቀ እንደ ሆነ የአገሩ ሰው ሁሉ በአንድ ሜዳ ይሰበሰባል፤ የቀረ ይቀጣል፤ በደለኛውም ካልወጣ ካሣው በሁሉ ላይ ይወድቃል። ላይ ላዩን ሲያዩት በደልን ለሁሉ የሚያካፍል ይመስላል። ነገሩ ግን የተሠራው አንዱ እንዲወጣ ነው፤ ሁሉ የሚከፍለው አንዱን እስኪያወጡት ድረስ ነው። የነጋዴዎች ጉባኤ ግን ግልባጩ ነው፤ አንዱ ከሁሉ ውስጥ ተሰውሮ እንዲቀመጥ ይረዳል። በዚሁ በአዊ አገር በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በእንጅባራ ሲሰበሰብ የተመለከተ ሰው ሌላ ዓይነት ጉባኤ ያያል። ፈረሰኛው እጅግ ብዙ ነው፤ ማኅበሩም አንድ ነው፤ ነገር ግን እያንዳንዱ የሚመጣው በገዛ ፈረሱ ነው። ከኮርቻው የወደቀ እንደ ሆነ ማን እንደ ወደቀ ሜዳው ሁሉ ያያል፤ «ማኅበሩ ወደቀ» የሚል የለም።

ወደ አሜሪካው ነገር እንመለስና ፍጻሜውን በአጭሩ እንይ። በ1930 ማርቲን ክዊግሊ የተባለ የሲኒማ ንግድ ጋዜጣ አሳታሚና ዳንኤል ሎርድ የተባለ የኢየሱሳውያን ማኅበር ቄስ ያዘጋጁት የሥነ ምግባር ደንብ ጸደቀ፤ ነገር ግን እስከ 1934 ድረስ ብዙ አልተጠበቀም። በዚያ ዓመት የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን የጨዋነት ጭፍራ የሚባለውን አቋቁማ ሚሊዮኖች ነውረኛ ፊልም ላለማየት ቃል ገቡ። የፊላዴልፊያው ካርዲናል ዶኸርቲ ደግሞ ከዚህ አልፈው ምእመናናቸው ወደ ማንኛውም ሲኒማ ቤት እንዳይገቡ አዘዙ። መልካሙን የሚያሳየውም ክፉውን የሚያሳየውም አብረው ከሰሩ፤ እንግዲህ ይህ የእኛው «የሰይጣን ቤት» ፍርድ ነው፤ ቤቱን ሁሉ በአንድ መክሰስ። ፊልም ሠሪዎቹ ግን ፈርተው፥ ደንቡን የሚተላለፍ 25 ሺህ ዶላር እንዲቀጣ ተስማሙ። በ1940 በፍርድ ቤት ስምምነት ጥቅሉ ከአምስት ፊልም እንዳይበልጥ፥ ከሽያጩም በፊት ለባለቤቶች እንዲታይ ተደረገ። በ1948 ጠቅላዩ ፍርድ ቤት በጥቅል መሸጥን ጨርሶ ከለከለ፤ ኩባንያዎቹም ሲኒማ ቤቶቻቸውን እንዲለቁ ሆነ።

የሃያ ዓመቱ ምክንያት በዚህ ተወገደ። ባለቤቱ አይቶ፥ መርጦ፥ አንድ በአንድ መግዛት ቻለ። ሸራው ግን ንጹሕ አልሆነም። ከ1950ዎቹ ጀምሮ ሥዕሉ እየደፈረ ሄደ፤ በ1968 የ1930ው ደንብ ተትቶ ፊልሞችን በዕድሜ መመደብ ተተካ። ለዚህ ቴሌቪዥን ሕዝቡን መንጠቁ፥ ፍርድ ቤቱም በ1952 ፊልምን ከንግግር ነፃነት ጋር መቍጠሩ ምክንያት ሆነዋል፤ ሁሉን በባለቤቱ ላይ መጫን ግፍ ነው። ነገር ግን በጉባኤው ላይ «ነፃ ብታወጡኝ ንጹሑን አሳያለሁ» ያለው ሰው፥ ነፃ ከወጣ በኋላ የመረጠው ገበያውን ነው። ፊልም ሠሪዎቹ ስለ እርሱ የተናገሩት፥ በክፋት የተናገሩት ቢሆንም፥ እውነትነት ነበረው።

በእኛ አገር ማስገደድ ሌላ መልክ ነበረው። ጣሊያን አገራችንን በያዘበት ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ሲኒማ ቤት የገዢው መሣሪያ ሆኖ ለነጭና ለጥቁር የተለየ ቤት ነበረ። በደርግ ዘመን ደግሞ ሲኒማ ቤቶች ወደ መንግሥት እጅ ገቡ። በእነዚህ ዘመናት ደጅ ከፋቹ የመምረጥ ሥልጣን አልነበረውምና ጥያቄያችን በሙሉ ኀይሉ አይደርስበትም። በ2008 ዓ.ም. ቃና ቴሌቪዥን የውጭ ድራማዎችን በአማርኛ ድምፅ እየተረጐመ ማሳየት በጀመረ ጊዜ ግን የድሮው ክርክር እንደገና ተነሣ። የአገራችን የተውኔትና የፊልም ባለሙያዎች ተሰብስበው ተቃወሙ፤ ስለ ባህልና ስለ ትውልድ ተናገሩ፤ ስለ ሥራቸውም ተናገሩ። ከእነርሱ አንዳንዶቹን «ለእንጀራችሁ ነው» እያሉ የዘለፉ ነበሩ። ለእንጀራ መናገር ነውር አይደለም፤ በ1929 ፒያኖውን ዘግቶ የወጣው ሰውም ስለ እንጀራው ነበር የጮኸው። ነውር የሚሆነው እንጀራን ባህል ብሎ መጥራት ነው፤ ወይም ባህልን እንጀራ ብሎ መናቅ ነው።

ይህ ሁሉ ለዳንግላና ለእንጅባራ ሰው ሩቅ ወሬ የሚመስለው ካለ፥ የቪዲዮ ቤቶችን ዘመን ያስብ። እንደኛ ባሉ ከተሞች አንድ ቴሌቪዥን፥ አንድ ማጫወቻና ጥቂት አግዳሚ ወንበር ያለው ሰው ሁሉ የሲኒማ ቤት ባለቤት ለመሆን ቻለ። ያን ጊዜ ጥቅልም ውልም የሚያስገድድ ኩባንያ አልነበረም፤ ካሴቱን ባለቤቱ ራሱ ከከተማ መርጦ ያመጣው ነበር። ዛሬ ደግሞ በየኪሱ ስልክ ያለው ሰው ሁሉ ባለቤት ሆኗል። ከባልንጀራው የመጣለትን ሥዕል ሳያይ ለመቶ ሰው ያስተላልፋል፤ ቢጠየቅ «እኔ አልሠራሁትም፤ ተልኮልኝ ነው፤ ሁሉም ልኮታል» ይላል። በ1930ዎቹ ጉባኤ ላይ የተነገሩት ሦስቱ ምክንያቶች አንድም ሳይጐድሉ በአንድ አፍ ተነገሩ ማለት ነው። ልዩነቱ የቀድሞው ባለቤት ዕዳ ነበረበት፤ የአሁኑ የለበትም።

በቪዲዮው ዘመን በዳንግላ አንድ ሰው ቤቱን ለቪዲዮ አሳዪ አከራይቶ ኖሮ፥ ከኪራዩ አሥራት ለማውጣት ፈልጎ ጠየቀኝ። «እኔ ያከራየሁት አራት ግድግዳ ነው፤ የሚያሳየውን አላውቅም» አለኝ። «ኪራዩን የምትቀበለው የት ነው?» አልሁት። «እዚያው በቤቱ፥ ወር በገባ ቁጥር» አለ። በደጁ ላይ የሚለጠፈውን ሥዕል አይቶት እንደ ሆነ ጠየቅሁት፤ ዝም አለ። ስለ መጀመሪያው ወር አልጠየቅሁህም፤ ስለ ሁለተኛው ወር ነው የምጠይቅህ አልሁት። ጥቂት ቆይቶ ውሉ የሚያልቀው በሰኔ መሆኑን ነገረኝ፤ ጊዜው መጋቢት ነበረ። ከሰኔ በፊት ቢያፈርሰው የስንት ወር ኪራይ እንደሚመልስ በጣቱ መቍጠር ጀመረ። እኔም እስኪጨርስ ድረስ ጠበቅሁት።